ረጅሙ ይሻላል ብዬ የገዛሁት የዝናብ መጥረጊያ

ሰው መኪና ሲገዛ ምን ምን እንደሚጠይቅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሞተሯ እንዴት ነው ይላል። ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፤ በዚያ ምን እንደሚያውቅ እሱና ፈጣሪው ይወቁ። በሯን ከፍቶ ይዘጋል፣ ጥሩንባዋን ይነፋል፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ሦስቴ ይነጥርበታል። ሬዲዮ ያላት እንደሆነማ ሌላ ጥያቄ የለም፤ ገዝቷል ማለት ነው። የዝናብ መጥረጊያዋስ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ ገዢ ግን በዕድሜዬ አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ምን ላድርግ፣ የገዛኋት በጥር ነው። በጥር ጉለሌ ላይ ቆማችሁ እንጦጦን ስታዩት ባሕር ዛፉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በእንዲህ ያለ ወር ስለ ዝናብ የሚያስብ ሰው ወይ ገበሬ ነው ወይ ጣራው የሚያፈስበት ነው። እኔ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጣራዬም አዲስ ቆርቆሮ ነበር። መኪናዋን የሸጠልኝ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ነው። ትንሽ ናት፣ አራት በር አላት፣ ቀለሟ ሰማያዊ ነበርኩ ትላለች። በንጉሡ ዘመን፣ በዚያ በእኛ መንደር፣ መኪና ያለው ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠር ነበርና ለራሴ የገዛሁ መስሎኝ ለሰፈሩ ገዝቼ ኖሯል። የታመመ በእሷ ይሄዳል፣ የጤፍ ጆንያ በእሷ ይመጣል፣ ዕድሩም ድንኳኑን በእሷ ያስጭናል። እኔም ደስ እያለኝ እነዳለሁ። ኮራ የማይል አዲስ ባለ መኪና ካጋጠማችሁ መኪናው የሰው ነው ማለት ነው።

ታዲያ ከጥር እስከ ሰኔ ፀሐዩ ያችን ከፊት መስታወቱ ላይ የተጋደመች ጎማ ቀስ እያለ ሲጠብሳት ማን አየ? ማንም።

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ግን ስለ ሁለት ሽማግሌዎች ልንገራችሁ፤ ያለ እነሱ ይህ ወግ የዕቃ መሸጫ ማስታወቂያ ይሆንብኛል።

አንደኛው አጎቴ ባላምባራስ ደምሴ ናቸው። አባቴ በልጅነቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ፣ እስክጎረምስም ድረስ የገረፉኝ እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ዓይነት ነው፤ ወደ ጎን አይሄድም። ሁለተኛው የሚስቴ የአስካለ አባት አቶ ዘርጋው ናቸው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ። የእሳቸው እጅ የነካው ነጠላ ፊት ላይ ቢጥሉት ትንፋሽ ያነሣዋል ይባልለት ነበር።

ከአስካለ ጋር የተጋባን ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሸማኔን ማንም ያለ እሱ ሥራ ራቁቱን እንደሚቀር እያወቀ፣ ስሙን ግን እንደ ስድብ ነበር የሚጠራው። ሸማኔ፣ እንደምታውቁት፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። አጎቴ ሦስተኛውን ብርሌ ጠጅ ሲጨርሱ ዙሪያውን አዩና፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ፣ «ደግ ዘመን ነው! ከጉድጓድ የወጣ ሁሉ አዳራሽ ገባ!» አሉ። ሰው ሳቀ። አንዳንዱ ስላልሰማ ሳቀ፣ አንዳንዱ ስለ ሰማ። አቶ ዘርጋው በእጃቸው የያዙትን ሙሉ ብርሌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ጋቢያቸውን አጣፉና ለአስካለ ብቻ፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው የሚገባበት ቤት እኔ አልገባም» ብለዋት ወጡ። እንዳሉትም አደረጉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታችንን አላዩትም። አስካለ ናት እየሄደች የምትጠይቃቸው።

በመጨረሻ ሴት ልጅ ተወለደችልን። የክርስትናዋ ቀን፣ ሰማንያኛው፣ ሐምሌ ውስጥ ካለ አንድ እሑድ ላይ ዋለ። አስካለ ከወለደች ጀምሮ ቤት ናትና አባቷ የልጅ ልጃቸውን ገና በዓይናቸው አላዩም። አንድ ምሽት እራት ስታቀርብ እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ ቤቴ አይግባ፣ ግድ የለም። ልጄ ስትጠመቅ ግን ከጎኔ ይቁም። እሱን አምጣልኝ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

ሚስት «ሌላ ነገር አልጠይቅህም» ካለች ያው የጠየቀችው ነገር ከሁሉም ይከብዳል።

ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። አማቴ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው መወርወሪያውን ወዲህና ወዲያ ይሰዳሉ። ቁጭ በል አሉኝ እንጂ ሥራቸውን አላቆሙም። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ባላምባራስም እንደሚመጡ አልደበቅኳቸውም። መወርወሪያው አንዴ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

«ቤተ ክርስቲያኑ የባላምባራስ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደጄ ከተገኘህ እሄዳለሁ። ካልተገኘህ እንዳልጠራኸኝ እቆጥረዋለሁ። ቤትህ ግን አልገባም።»

በደስታ እየበረርኩ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ሳልጨርስ ዝናቡ ወረደ። እስከዚያ ቀን ዝናብ ሲመጣ እስኪያባራ ጥግ ይዤ እጠብቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቸኩዬ መጥረጊያውን ለቀቅሁት። ያ ስድስት ወር ሲጠበስ የከረመ ጎማ ሁለቴ ሄዶ መጣና እንደ ቋንጣ ተልተልተል ብሎ ተበጣጠሰ፤ ከዚያ በኋላ መስታወቱን የሚፍቀው ብረቱ ብቻ ሆነ። ድምፁን አትጠይቁኝ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ ባርኔጣዬን ውሃ እያስበላሁ፣ ቤቴ ደረስኩ።

ጎረቤቴ ጋሽ በዛብህ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ አሰብን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። መስታወቱን ዳበስ አደረጉና፣ «ጎማው አልቋል። ነገ ፒያሳ ውረድና አዲስ ግዛ። ግን አሮጌውን ነቅለህ ይዘህ ሂድ፤ የዚህ ነገር ልኩ ብዙ ነው» አሉኝ።

ይህ እንግዲህ የአዋቂ ምክር ነው። እኔ ግን ከቢሮ ወጥቼ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ ዝገት የበላው ብረት በእጄ አንጠልጥዬ በፒያሳ እንዴት ልለፍ? የማውቀው ሰው ቢያገኘኝስ? አስካለ ሐሳቤን ፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ አንድ ጠንካራ ክር አመጣች። አሮጌው መጥረጊያ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠረችው፤ ሁለቱም ዳር ላይ ቋጠሮ አበጀችለትና ጠቅልላ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ብረቱን ካፈርክበት ክሩን ይዘህ ሂድ» አለችኝ። የሸማኔ ልጅ አይደለችም? የእሷ ሜትር ክር ነው።

የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ሙሴ ኒኮላ የሚባል ግሪካዊ ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ወንድ የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያናግረው ሁሉ «አንቺ» ነው። «አሮጌዋን አመጣሽ?» አለኝ። አላመጣሁም አልኩት። «ልኳን ታውቂያለሽ?» አለኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ክሩም ጣቴን ነካኝ። ከአጠገቤ ግን ሁለት ባለ ባርኔጣ ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው የጋዜጣ ማንበቢያ መነጽር በእጁ ይዟል። የመንግሥት ጸሐፊ ከኪሱ የሸማኔ ክር መዝዞ ሲለካ ታየኝ። እጄን ባዶውን አወጣሁት። ሁለት መዳፌን ዘርግቼ፣ «ይህን ታህል» አልኩት።

ሙሴ ኒኮላ መዳፌን አየ፤ ፊቴንም አየ። ሁለት ዓይነት አመጣ። አጠር ያለውንና ረዘም ያለውን። «የቷን ትፈልጊያለሽ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያደግሁበት ነገር የመጣው። እኛ ልጅ ጫማ ሲገዛለት ያድግበታል ተብሎ አንድ ቁጥር ይጨመርለታል፤ ኮት ሲሰፋ እጅጌው ይረዝማል፤ ቤት ሲሠራ ሳሎኑ ሰፍቶ ማድ ቤቱ ይጠባል። ትልቅ ነገር ይሻላል። ረጅም መጥረጊያ ብዙ ይጠርጋል። «ረጅሟን!» አልኩ፣ ሰው እንዲሰማ ጭምር። መስታወቱ እንደማያድግ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልገጥመው ተነሣሁ። ጋሽ በዛብህ ለቅሶ ሄደዋል። ቢሆንም ከዚህ በፊት ሲነገር የሰማሁት አለና መጀመሪያ አንድ ጨርቅ አጥፌ መስታወቱ ላይ አነጠፍኩ፤ መጥረጊያውን የሚሸከመው ክንድ አምልጦ ቢመታው መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ ነው። ክንዱን ቀና አደረግሁት። አሮጌው መጥረጊያ የክንዱ ጫፍ ላይ ባለች መንጠቆ ነው የተሰካው፤ አግድም አዞርኩት፣ መያዣዋን ተጫንኳት፣ ቁልቁል ገፋሁት። አልወጣም አለ። በካቻቢቴ ፈለቀቅሁት። ወጣ፤ ከአውራ ጣቴም ትንሽ ቆዳ ይዞ ወጣ። አዲሱን ከመንጠቆዋ አስገብቼ ወደ ላይ ስስበው «ጠቅ» አለና ተያዘ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ክንዶቹን ቀስ ብዬ አስተኛሁና ራቅ ብዬ አየሁት። ያምራል። እንደ አዲስ ሙሽራ ቅንድብ።

አስካለ ከበረንዳው ሆና፣ «ክሩ ልክ ሆነ?» አለችኝ።

«ሆነ» አልኳት። ዋሸሁ።

መስታወቱ ላይ ውሃ ረጨሁና አስነሣሁት። ሄደ፣ መጣ። ወደ ግራ በሄደ ቁጥር ግን ጫፉ የመስታወቱን ብረት ክፈፍ ነካ እያደረገ «ጠቅ» ይላል።

«ምንድን ነው ጠቅ የሚለው?» አለች አስካለ።

«አዲስ ነገር ድምፅ አያጣም። ሰዓትስ ጠቅ ይል የለ?»

«ሰዓት ጠቅ የሚለው እየሠራ ነው፤ ይሄ እየተጋጨ ነው» ብላ ገባች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ መሆኑን አላወቅሁም።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ እንጦጦ ላይ ተኝቶ ነጋ። አስካለ ልጅቱን ታቅፋ፣ ከክርስትና እናቷ ጋር ጃንጥላ ይዘው፣ በእግር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ፤ ቅርብ ነው። ቄሱ ከቅዳሴው በፊት እንደሚያጠምቁና ማንንም እንደማይጠብቁ አስቀድመው ነግረውናል። እኔ ሽሮ ሜዳ ስደርስ አንድ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። አማቴ ነጭ በነጭ ለብሰው ደጃቸው ላይ ቆመዋል፤ በብብታቸው በረጅም ወፍራም የጥጥ ገመድ የታሰረ ጥቅል ይዘዋል። ለልጅ ልጃቸው የሠሯት ነጠላ ናት። ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ዝናቡ ካፊያ ነው፤ መጥረጊያው ጠቅ ጠቅ እያለ ይጠርጋል። ሁሉ ነገር ደህና ነበር።

ጥቂት እንደ ሄድን ከመንገዱ ዳር፣ ከአንዲት የተዘጋች ሱቅ ጥላ ሥር፣ ካባ የለበሱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ሲያወዛውዙ አየሁ። ባላምባራስ ናቸው። በቅሏቸው የሞላ ጎርፍ አልሻገርም ብላባቸው ከአሽከራቸው ጋር ወደ ቤት መልሰዋታል። መኪናዬን ከሩቅ አውቀዋታል፤ ማን ያጣታል?

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ያሳደጉኝን ሰው ዝናብ ላይ ጥዬ ልለፍ? ወይስ በስንት ልመና የመጡልኝን ሰው መኪና ውስጥ አስቀይሜ ላስወርድ? አማቴን በዓይኔ ጥግ አየኋቸው። ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ «ሽማግሌ ዝናብ ላይ አይተውም» አሉ። ቆምኩ። ባላምባራስ የኋላውን በር ከፍተው ከጀርባዬ ገቡና ከፊት የተቀመጠው ማን እንደሆነ ያዩት በሩን ከዘጉ በኋላ ነው።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ መጥረጊያው ብቻ ነው የሚያወራው።

ከዚያ በረዶው ወረደ። ጣራዋን ሲደበድባት ቆርቆሮ ላይ ባቄላ የሚዘራ ሰው ያለ ይመስላል። መጥረጊያውን አፈጠንኩት። ረጅሙ መጥረጊያ በፍጥነት ሄዶ ክፈፉን «ጓ!» አደረገና ጫፉ ብረቱ ሥር ተሰንቅሮ ቀረ። ከኮፋኖው ሥር አንድ ነገር ሲስፈነጠር ተሰማኝ። ሁለቱም መጥረጊያዎች ቀጥ አሉ። ከፊቴ ነጭ ግድግዳ ብቻ ሆነ።

ወርጄ ኮፋኖውን ከፈትኩ። የመጥረጊያው ሞተር ይዞራል፤ ከመጥረጊያዎቹ ጋር የምታያይዘው ዘንግ ግን መያዣዋ ተሰብሮ ተንጠልጥላለች። ክንዶቹ በእጅ ቢገፏቸው አንድ ላይ ወዲህና ወዲያ ይሄዳሉ፤ በራሳቸው ግን አይንቀሳቀሱም። አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ መጥተው ቆሙ። የተሰነቀረውን ጫፍ በጣታቸው አላቀቁትና መጥረጊያውን ከላይ እስከ ታች በስንዝር ሄዱበት።

«ይህ ረዝሟል። ማን ለካው?»

«እኔ» አልኩ። ከዚያም ዝናብ ላይ የቆመ ሰው መዋሸት ስለሚሰለቸው ነው መሰለኝ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «አስካለ በክር ለክታ ሰጥታኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት ማውጣት አፍሬ ነው።»

አማቴ አዩኝ። ዓይናቸውን ወደ መጥረጊያው መለሱ። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ያልገባኝ ነገር ገባኝ። አጎቴን በልቤ ስወቅስ ኖሬ፣ አጎቴ በአፋቸው ያወጡትን እኔ በኪሴ ደብቄው ነበር የምዞረው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«አንድ ተኩል ሊሆን ነው።»

ወደ መኪናው ተመለሱና ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ገመዱን ፈቱት። ሁለት እኩል አደረጉት። አንዱን ከቀኙ ክንድ ጋር አስረው በራሳቸው መስኮት አስገቡት፤ ሌላውን ከግራው ክንድ ጋር አሰሩና በእኔ መስኮት አጠገብ አሳልፈው በኋላው መስኮት ሰጧቸው። ለማን? ለባላምባራስ ነዋ! ሌላ ማን አለ? እኔ መሪ ይዣለሁ።

«አንተ» አሉኝ አማቴ፣ «ለባላምባራስ ንገራቸው። እኔ ስስብ እሳቸው ይለቃሉ፤ እሳቸው ሲስቡ እኔ እለቃለሁ። እስከ ዳር እንዳይደርስ። አንድ ጣት ሲቀረው ይቁም።»

ከፊትና ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም አማርኛ ነው የሚናገሩት። እኔ ግን አስተርጓሚ ሆንኩ። «አጎቴ፣ ሲስቡ እርስዎ...»

«ሰምቻለሁ!» አሉ ባላምባራስ። «ያ ሰውዬ ቀስ ብሎ ይሳብ በለው።»

«ቀስ ብለው ይሳቡ ይላሉ።»

«ቀስ ብሎ ከተሳበ አይጠርግም በላቸው።»

እንዲህ እየተባባልን ተነሣን። የመጀመሪያው መንገድ መከራ ነበር። አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይስባል፣ ሁለቱም ይለቁና መጥረጊያው መሐል ላይ ተኝቶ ይቀራል። በተከፈተው መስኮት የሚገባው ውሃ የአጎቴን የካባ እጅጌ አልፎ እስከ ብብታቸው ደረሰ። ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ገመዱን ግን አልጣሉትም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ለነገሩ እሳቸውም ቢሆኑ ገደል መግባት አልፈለጉም።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ወደ አዲሱ ገበያ ስንታጠፍ ነው ነገሩ የሆነው። አጎቴ አንድ ጊዜ ዘግይተው መስታወቱ ነጭ ሆነ። በዚያች ቅጽበት ከፊቴ የደወል ድምፅ ሰማሁ፤ አንገት ላይ የሚታሰር ደወል። አማቴ አስተርጓሚ የሚጠብቁበት ጊዜ አላገኙም።

«ይሳቡ ባላምባራስ! ይሳቡ!»

አጎቴ ባላቸው ጉልበት ሳቡ። መስታወቱ ተገለጠ። ከፊታችን፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ እንጨት የተጫኑ አራት አህዮችና ጆንያ የተከናነበች አንዲት ሴት መንገዱን እያቋረጡ ነው። ሴትየዋ ዞር ብላ አየችን። ፍሬኑን ረገጥኩ። መኪናዋ ተንሸራተተች። በረዶው መስታወቱን መልሶ ሊሸፍነው ሲል ከኋላዬ የአጎቴ ድምፅ መጣ፦

«ይልቀቁ እንጂ አቶ ዘርጋው! ይልቀቁ፣ አሁን ይሳቡ!»

መስታወቱ እንደገና ጠራ። መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝኩት፤ የመጨረሻዋን አህያ ጭነት በአንድ ክንድ አልፈን ቆምን። ሴትየዋ አማተበች። ከዚያም እናቴ እንኳን የማታውቀውን እርግማን አወረደችብኝ። ይገባኛል። እኔ ግን የሰማሁት እሷን አልነበረም። «ይልቀቁ» ነው ያሉት። «አቶ ዘርጋው» ነው ያሉት። ሦስት ዓመት «ያ ሰውዬ» የነበሩት ሰው፣ አህያ ልንገጭ ስንል አንቱ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ እኔን የሚፈልገኝ አልነበረም። «ይሳቡ።» «ይልቀቁ።» «ትንሽ ቀረዎት።» «እንዲያ፣ እንዲያ ነው።» መጥረጊያው እንደ መወርወሪያ ወዲህና ወዲያ ይላል፤ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል፤ ክፈፉን አንዴም አልነካም። ከሙሴ ኒኮላ ሱቅ ከወጣ ጀምሮ እንደዚያ በደንብ ጠርጎ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ አስካለ ከክርስትና ቤቱ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ቄሱ ውሃውን ባርከው ጨርሰዋል። መጀመሪያ አባቷን አየች። ቀጥላ ከኋላው በር እጅጌያቸው እየተንጠባጠበ የወረዱትን ባላምባራስን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ምን አድርገህ ነው የሚል አስተያየት ነው። ልጅቱ ተጠመቀች፤ አለቀሰችም። አያቷ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ጠቅልለው አለበሷት። ብርዱ ነው አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ አማቴ ከግቢው ደጅ ላይ ቆሙ። ቃላቸው ቃል ነው፤ ቤት አይገቡም። አስካለ ልጅቱን እንደታቀፈች ከፊታቸው ቆመች፣ አልለመነችም። ባላምባራስ ጥቂት ራቅ ብለው እጅጌያቸውን ሲጨምቁ ቆዩና መጡ። «ወደ ቤት አንሄድም?» አሉ ለማንም ሳይሉ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞሩና፣ «እኔ ረጥቤያለሁ፤ ልብስ ልቀይር ወደ ቤቴ ልሂድ። እርስዎ ይግቡ» አሉ።

አጎቴ የልጄን የክርስትና ድግስ ትተው ሊሄዱ ነው። የአማቴ መሐላ እሳቸውም ጆሮ ደርሶ ኖሯል፤ ይህ ሰው የሚገባበት ቤት አልገባም ብለው የማሉት ሰው እንዲገቡ፣ እሳቸው ሊቀሩ ነው። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይም ነበር። የዝናብ ነገር እንደሚያወሩ ነው የተናገሩት።

አማቴ የረጠበውን እጅጌያቸውን አዩ።

«በዚህ ዝናብ ማን ይወስድዎታል?» አሉ። «መጥረጊያው የሚሠራው ለሁለት ነው።»

ሁለቱም ገቡ። ባላምባራስ የእኔን ጋቢ ለብሰው እሳት ዳር ተቀመጡ። አማቴ በበሩ ሲያልፉ ባላምባራስ ሰው ሁሉ እያየ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ። አማቴም «በእግዜር!» ብለው ከጎናቸው ተቀመጡ። የሠርጉን ቀን ንግግር ያስታወሱ ዘመዶቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እኔ ሰኞ ፒያሳ ወርጄ አጠር ያለውን መጥረጊያ ገዛሁ። ክሩን ከኪሴ አውጥቼ ሙሴ ኒኮላ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። «ጎበዝ ነሽ፤ ያን ቀን ይህን ብታመጪ ምን አለበት?» አለኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ ይህን ለግሪክ እንዴት ይተረጉሙለታል? ዋጋውን ከፍዬ ወጣሁ። የተሰበረውን መያዣ ጋሽ በዛብህ በፒንሳ አበጁልኝ፤ ምክራቸውን ስላልሰማሁም ለሁለት ሳምንት ያህል እየደጋገሙ አስታወሱኝ።

አጎቴ በአማቴ ላይ ስለ ተናገሩት ነገር ይቅርታ ሲሉ ማንም አልሰማም። ያ ትውልድ ይቅርታን እንደ ርስት ነው የሚያየው፤ ለሰው አይሰጥም። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ አማቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ነገሩ አንገበገበኝና ጠየቅኋቸው።

«ለመሆኑ ባላምባራስ ይቅርታ ጠይቀውዎት ያውቃሉ?»

«የለም» አሉ መወርወሪያውን ሳያቆሙ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይመጣሉ።»

«እዚህ? ምን ሊያደርጉ?»

«መጀመሪያ ጋቢ ሊያሠሩ ነበር የመጡት። ተራ ይጠብቁ አልኳቸው፤ ጠበቁ። ጋቢው አለቀ፤ እሳቸው ግን መምጣቱን አልተዉም። ከዚያች በርጩማ ላይ ይቀመጡና ድር ሳዘጋጅ ጫፉን ይይዙልኛል።»

ማመን አቃተኝ። አጎቴ ባላምባራስ ደምሴ፣ ድር ይዘው! በርጩማዋን አየኋት፤ ካባ የሚቀመጥባት አትመስልም። አማቴ ሥራቸውን ገታ አድርገው፣ የሰውየውን ነገር ከልባቸው እንደሚያዝኑለት ሁሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እጃቸው ጥሩ ነው። በልጅነታቸው ቢጀምሩት ኖሮ ደህና ሸማኔ ይወጣቸው ነበር። ባላምባራስነቱ አበላሻቸው እንጂ።»

ይህን ለአጎቴ አልነገርኳቸውም።